ከመርፌው በኋላ፦ ቂጥኝ ይዘው ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሰጠው የክትትል አገልግሎት ሲገመገም

ቂጥኝ ከእናታቸው ተላልፎባቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ክትትል ከሐኪሞች ወገን የተጻፈ ነገር አይጠፋም፤ ልጁን አቅፎ ኮሪደር ላይ ተራ ከሚጠብቀው ሰው ወገን የተጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ልጃችን በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተወልዳ፣ እዚያው ታክማ፣ ክትትሏን በሆስፒታሉ የሕፃናት ተመላላሽ ክሊኒክና በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ስታደርግ ቆይታ ዓመት አልፏታል፤ ስለዚህ ያገኘነውን አገልግሎት እንደ አባት እገመግመዋለሁ። የተቋማቱን ስም የማልጠቅሰው ልጄ ማን እንደሆነች በቀላሉ እንዳይታወቅ ስል ነው፤ ደግሞም የማነሣው ችግር የአንድ ግቢ ብቻ አይመስለኝም። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ ሕክምናው በጣም ጥሩ ነው፤ ባለሙያዎቹም ትጉሃን ናቸው። ከመርፌው በኋላ ያለው ክትትል ግን፣ የላቦራቶሪው ቁጥር በወረቀት ላይ ሰፍሮ ከቀደመው ቁጥር ጋር ካልተመዛዘነ ሕፃኑን ማመላለስ ብቻ እንደሚሆን ገና በአሠራሩ ውስጥ አላስገባም።

ወደዚህ አገልግሎት የሚገባው ሕፃን የትኛው እንደሆነ ባጭሩ ልግለጽ። በአገራችን መመሪያ መሠረት ነፍሰ ጡር ሴት በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትሏ ከኤችአይቪ ጋር የቂጥኝ ምርመራ ይደረግላታል፤ ከተገኘባት የቤንዛታይን ፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ ባለቤቷም አብሯት ይታከማል። መርፌው ፅንሱንም የሚያክም ርካሽና አስተማማኝ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን ከወሊዱ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ ካልተሰጠ ፅንሱ በበቂ ሁኔታ ታክሟል ተብሎ አይታመንም። እኛ ከክፍለ ሀገር ተዛውረን አዲስ አበባ ስንገባ እርግዝናው ገፍቶ ስለነበር፣ ባለቤቴም እኔም ተመርምረን መርፌውን ብንወስድም፣ ልጅቷ ያ ጊዜ ሳይሞላ ተወለደች። ስትወለድ ምንም ምልክት አልታየባትም። ይህ የተለመደ ነው፤ በሽታው ከተላለፈባቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ሲወለዱ ጤነኛ ይመስላሉ፤ የማያቋርጠው የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የመዳፍና የውስጥ እግር ሽፍታው፣ የጉበትና የጣፊያ ማበጡ፣ ሕፃኑ ክንዱን እንዳያንቀሳቅስ የሚያደርገው የአጥንት ሕመም ሳምንታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። በዓይን ታይቶ ጤነኛ ነው ተብሎ የማይለቀቀውም ለዚህ ነው።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉን በሚመለከት ከቅሬታዬ ምስጋናዬ ይበልጣል። ሐኪሟ ገና በተወለደች ዕለት ባለቤቴንና እኔን ለብቻችን ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል አስገብተው፣ በሩን ዘግተው፣ ጥፋተኛ ፍለጋ ውስጥ ሳይገቡ ነገሩን ከሥሩ አስረዱን። ደም ከራሷ ከልጅቷ ክንድ ተቀዳ፤ ለምን ከእትብቷ እንዳልተወሰደ ስጠይቅ፣ የእትብት ደም ከእናቲቱ ደም ጋር ሊቀላቀልና ውጤቱን ሊያዛባ እንደሚችል ነገሩኝ። ሙሉ የደም ቆጠራ ታዘዘላት፤ ረጃጅም አጥንቶቿ ራጅ ተነሡ፤ በመጨረሻም ከጀርባዋ ፈሳሽ እንዲቀዳ ፈቃዳችን ተጠየቀ። ከጀርባ ፈሳሽ መቅዳት በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚፈራ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ «ሽባ ያደርጋል» ያላለን ዘመድ አልነበረም። ሐኪሟ ግን ሳይቆጡና ሳይቸኩሉ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው በራሳቸው ወገብ ላይ በጣታቸው እያመለከቱ፣ መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች መሆኑን አሳዩን፤ ፈረምን፤ ውጤቱም ንጹሕ ሆነ።

ክብደቷ 2.8 ኪሎ ግራም ስለነበር፣ በኪሎ 50 ሺህ ዩኒት ሂሳብ፣ በአንድ ጊዜ 140 ሺህ ዩኒት ክሪስታላይን ፔኒሲሊን በደም ሥሯ ይሰጣት ነበር። በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት በየ12 ሰዓቱ፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት፤ ከዚያ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ በየ8 ሰዓቱ፣ ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8 እና ማታ 4 ሰዓት። በአልጋዋ ራስጌ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ እያንዳንዷ መርፌ የተሰጠችበት ሰዓትና የሰጠችው ሲስተር ፊርማ ሰፍሮ አይቻለሁ፤ አንዱም ሰዓት ባዶ አልነበረም። መድኃኒቱ የሚገባበት ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላው፣ ያለበት ቦታ ባበጠ ቁጥር ተረኛ ነርሶቹ ለሁለት ሆነው፣ አንደኛዋ የሞባይሏን መብራት ከልጅቷ መዳፍ ሥር እያበራች፣ ሌላኛዋ በቀላው መዳፍ ውስጥ እንደ ክር ቀጥኖ የሚታየውን ሥር እየፈለገች፣ አዲስ ካኑላ ያስገቡላት ነበር። መድኃኒቱ ከአንድ ቀን በላይ ከተቋረጠ ሕክምናው እንደ አዲስ ከአንድ እንደሚጀመር ቀድሞ ተነግሮን ስለነበር፣ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ብልቃጡን ጨርሶ «ከውጭ ግዙ» ስንባል የደነገጥኩት ድንጋጤ ቀላል አልነበረም። እኔ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስዞር፣ ሲስተር ከጎን ካለው ክፍል ተበድራ ሰዓቱ ሳያልፍ ወግታት ደረስኩ። እንዲህ ዓይነት ትጋት በየትኛውም የግል ሆስፒታል በገንዘብ ይገኛል ብዬ አላምንም። ቅሬታዬ አንድ ነው፤ አራሷ እናት ያን ሁሉ ቀን የምትጋደምበት ቦታ ሳይኖራት በፕላስቲክ ወንበር ላይ መክረሟ።

ከክፍሉ ስንወጣ የተሰጠን የመውጫ ወረቀት ግን ያን ሁሉ ትጋት የሚመጥን አልነበረም። ምርመራው «ሪአክቲቭ»፣ ማለትም ምላሽ የታየበት፣ መሆኑን፣ የ10 ቀን ፔኒሲሊን መጨረሷንና ከሁለት ወር በኋላ መመለስ እንዳለባት ይናገራል፤ በዚህ ያበቃል። ውጤቱ በቁጥር ስንት እንደነበረ አይናገርም። ቁጥሩን ያገኘነው አንዲት ወጣት ሐኪም ልትሸኘን ስትል፣ በራሷ ተነሣሽነት የክትባት ካርዱን ገልብጣ በጀርባው ላይ «እናት 1፡32፣ ልጅ 1፡16፣ አርፒአር» ብላ ስለጻፈችልን ነው። ሌላ ሐኪም ቢሸኘን ኖሮ ከዚያ በኋላ ያለው ክትትል ሁሉ መነሻ አይኖረውም ነበር፤ አንድ አገልግሎት ደግሞ በሰው ደግነት ላይ ብቻ ሊቆም አይገባውም።

ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ማብራራት አለብኝ፤ ግምገማዬ በሙሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና። አርፒአር እና ቪዲአርኤል የሚባሉት ምርመራዎች የሚለኩት በሽታው በሰውነት ውስጥ ያስነሣውን የመከላከያ ምላሽ ነው። የላቦራቶሪው ባለሙያ ከደሙ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ሴረሙን፣ በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠነ ይፈትነዋል፤ 1 ለ 2፣ 1 ለ 4፣ 1 ለ 8፣ 1 ለ 16 እያለ ይሄድና ምላሽ የታየበትን የመጨረሻ ደረጃ ይመዘግባል፤ ሐኪሞቹ ቲተር የሚሉት ይህንን ነው። የሕፃኑ ቲተር ከእናቱ በአራት እጥፍ ከበለጠ በሽታው ለመተላለፉ ጠንካራ ማስረጃ ነው። የእኛ ልጅ ከእናቷ ያነሰ ነበራት፤ ሆኖም እናቷ በጊዜ ስላልታከመች ሕክምናው አልቀረላትም። የእናት አንቲቦዲ፣ ማለትም ሰውነቷ በሽታውን ለመከላከል የሠራው ንጥረ ነገር፣ በማኅፀን ወደ ልጅ ስለሚያልፍ፣ ያልታመመ ሕፃንም ሲወለድ ሪአክቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ የታመመውን ካልታመመው፣ የዳነውን ካልዳነው የሚለየው ጊዜ ነው። ያልተያዘ ወይም በሚገባ የታከመ ሕፃን ቲተሩ በ3 ወር ገደማ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በ6 ወር ደግሞ ይጠፋል። ባለበት ከረጋ ወይም ከጨመረ፣ ወይም ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ሳይጠፋ ከቆየ፣ ልጁ ከጀርባ የሚቀዳውን ፈሳሽ ጨምሮ እንደገና ተመርምሮ ሌላ የ10 ቀን ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ውጤቱ እስኪጠፋ ድረስ ምርመራው በየሁለትና ሦስት ወሩ የሚደጋገመው ስለዚህ ነው። አንድ ቁጥር ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ ሁለተኛው ሲመጣ ነው መናገር የሚጀምረው፤ ለዚያም ሁለቱ በአንድ ዓይነት ምርመራ፣ ቢቻል በአንድ ላቦራቶሪ የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ የአርፒአርን ቁጥር ከቪዲአርኤል ቁጥር ጋር ማወዳደር አይቻልምና።

የመጀመሪያው ቀጠሯችን ልጅቷ ገና ክርስትና ሳትነሣ የሚውል ሆነ። እናቴ «ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ከዚህ ቤት አትወጣም፤ ለክትባቱም የወጣችው በስንት ጭቅጭቅ ነው» ብላ ቆረጠች። ወደ ክሊኒኩ ደውዬ ሳስረዳ፣ ሲስተር ስልኩን ሳትዘጋ ሐኪሟን ጠይቃ፣ ከጥምቀቷ በኋላ 3 ወር ሳያልፋት ብትመጣ ችግር እንደሌለው ነገረችኝ። «እማማን አያስቸግሯቸው፤ በሰማንያዋ ማግሥት ይምጡ» ነው ያለችው። የቤተሰብን ልማድ ሳይንቅ የሕክምናውን ገደብም ሳያስጥስ እንዲህ የሚያስማማ ሠራተኛ ያለው ክሊኒክ ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ የጀመረው ከካርድ ክፍል ነው። ልጅቷ ስትወለድ የተከፈተላት ካርድ፣ እንደ ማንኛውም አራስ ሕፃን፣ «ቤቢ ኦፍ» ተብሎ በእናቷ ስም የተጻፈ ነው። ከክርስትናዋ በኋላ በራሷ ስም ስትመጣ በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሠራተኛ ስሟን ፈልጎ ስላጣ አዲስ ካርድ አወጣላት። እንግዲህ በአንዱ ካርድ ራጁ፣ የጀርባ ፈሳሹ ውጤትና የመጀመሪያው ቲተር አሉ፤ በሌላው ካርድ ምንም የለም፤ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ደግሞ ባዶው ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ከካርድ ክፍል ወደ መዝገብ ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ ጨቅላ ክፍል የተመላለስኩት እኔ ነኝ። አንዲት ብቻዋን የመጣች፣ ልጅ ያዘለች እናት ይህንን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ወርዳ ትጨርሰዋለች ብዬ አልገምትም፤ አለመጨረሷንም «ከክትትል ጠፋች» ብሎ መመዝገብ ፍትሐዊ አይደለም።

ላቦራቶሪው ደግሞ በዚያ ሰሞን ሪኤጀንት፣ ማለትም የምርመራው ኬሚካል፣ አልነበረውም። ወደ አንድ የግል ላቦራቶሪ ተላክን፤ አቀባበሉ ያማረ፣ ወለሉ የሚያበራ፣ ውጤቱም በዚያው ዕለት በስልክ መልእክት የሚደርስ ነው። የደረሰን መልእክት ግን «ቪዲአርኤል፦ ሪአክቲቭ» ይላል እንጂ ቁጥር የለውም። በመውለጃዋ ጊዜ የተሠራው አርፒአር፣ አሁን የተሠራው ቪዲአርኤል፤ በዚያ ላይ ያለ ቲተር። ተመልሼ ቁጥሩን ስጠይቅ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ በትሕትና «አባቴ፣ ሪአክቲቭ ከሆነ ሪአክቲቭ ነው» አለችኝ። በዚህ ልጅ ላይ አልፈርድም፤ ድርጅቱ ግን ለ3 ወር ሕፃን ያለ ቲተር የቂጥኝ ውጤት ሲሸጥ፣ የሸጠው ለወላጅ እንቅልፍ ማጣት እንጂ ለሐኪም የሚጠቅም ነገር አይደለም። የክሊኒካችን ሐኪም ወረቀቱን አይተው ወደ ጎን አስቀመጡት፤ የሆስፒታሉ ሪኤጀንት ሲመጣ ደም እንደገና ተቀዳ፤ 1 ለ 4 ሆነ። ከ16 ወደ 4 መውረዱን ስሰማ የተሰማኝን እፎይታ እዚህ ማስፈር ከግምገማው ዓላማ ውጭ ስለሚሆን አልፈዋለሁ።

የጤና ጣቢያውን ጉዳይ በተለየ ጥንቃቄ ላንሣው፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ቅን ናቸውና። በ14ኛ ሳምንት ክትባቷ ቀን ባለቤቴ ብቻዋን ሄዳ፣ ነርሷ የካርዱን ጀርባ አይታ፣ ለነፍሰ ጡሮች በሚያገለግለው ፈጣን ምርመራ ልጅቷን ተረከዟን ወግታ መረመረቻት፤ ሁለተኛዋ መስመር ወጣች፤ «አሁንም አለባት» ተባለ። ክትባቱም «እስኪጣራ ይቆይ» ተብሎ ተያዘ። ባለቤቴ እያለቀሰች ነው የደወለችልኝ። ነርሷ ያላወቀችው፣ ፈጣኑ ምርመራ የሚለየው ለቂጥኝ ተህዋሲ የተሠራውን አንቲቦዲ ስለሆነ፣ ከእናት የተላለፈው አንቲቦዲ በሕፃኑ ደም ውስጥ እስከ 15 አልፎም እስከ 18 ወር ድረስ ሊቆይና መስመሯን ሊያወጣ እንደሚችል ነው። በ14 ሳምንት ሕፃን ላይ ያ ምርመራ መዳኗንም አለመዳኗንም አይናገርም። ክትባትን ለማቆየት ደግሞ ፔኒሲሊንም ሆነ ይህ ውጤት ምክንያት አይሆኑም። የሆስፒታሉ ሐኪም ለነርሷ ደውለው በአክብሮት አስረዷት፤ ክትባቱ በዚያው ሳምንት ተሰጠ፤ ነርሷም ከዚያ በኋላ ባየችን ቁጥር ቀድማ የምትጠይቀው ቲተሩን ሆነ። የዚህ መንሥኤ የነርሷ ስንፍና ሳይሆን፣ ፈጣን ምርመራውን ወደ ጤና ጣቢያ የላከው አካል «ለሕፃናት ክትትል አይውልም» የሚል አንዲት ወረቀት አብሮ አለመላኩ ነው።

በክሊኒኩ ውስጥ ያለው የአካል ምርመራ ጥሩ ነው። ሐኪሞቹ ቢፈራረቁም አብዛኞቹ ልጅቷን አራቁተው ያያሉ፤ መዳፏንና የውስጥ እግሯን፣ የአፏንና የፊንጢጣዋን ዙሪያ፣ ሆዷን ለጉበትና ለጣፊያ፣ ክንድና እግሯን እኩል ማንቀሳቀሷን ይመለከታሉ፤ የጭንቅላቷን ዙሪያ ይለካሉ፤ ጡት ስለማጥባት ይጠይቃሉ። በጡት ላይ ቁስል እስከሌለ ድረስ ማጥባት የተፈቀደ መሆኑን ሳንጠይቅ ነግረውናል። የባለቤቴንና የእኔን የመርፌ ካርድ አይተው፣ የእኛም ቲተር እንዲደገም አዘዋል፤ እናት እንደገና ከተያዘች የልጅ ክትትል ብቻውን ለቀጣዩ እርግዝና አይረዳምና ይህ ትልቅ ማስተዋል ነው። ግላዊነትን በተመለከተ ግን ኮሪደሩ ያሳፍራል። ከተለያየ በሽታ የሚመጡ ልጆች በአንድ በር ስለሚገቡ ጥሩ ሽፋን ነበር፤ አንድ ተለማማጅ በሩን ከፍቶ «የሲፊሊስ ፎሎው አፕ ማን ነው?» ብሎ ሲጠራ ያ ሽፋን ተገፈፈ። ባለቤቴ አልተነሣችም። እኔም አልተነሣሁም። ሲስተር ነገሩ ገብቷት በስም እስክትጠራን ድረስ ተቀመጥን።

ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቀላል ቢመስልም ልጄን ያለ ምክንያት እንደገና ሊያስተኛት ነበር። በሆስፒታሉ ማሽን የታተመው የመውለጃ ጊዜ ውጤት በፈረንጆች አቆጣጠር 10ኛ ወር ይላል፤ በእጅ የተጻፈው የ3 ወሩ ውጤት በእኛ አቆጣጠር 5ኛ ወር ይላል፤ በሁለቱም ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት የለም፤ በእጅ የተጻፈው ላይ ዓመቱም አልሰፈረም። በ6 ወሯ ስንቀርብ የተቀበለን ተለማማጅ ሐኪም፣ ከልደቷ ጋር ሳያመሳክር፣ 5ን ከ10 አስቀድሞ አነበበና ቲተሯ ከ4 ወደ 16 የጨመረ መሰለው። አልጋ ሊያዝላት ወረቀት መጻፍ ጀምሮ ነበር። ጥርና ጥቅምት መሆናቸውን ስነግረው፣ ወረቀቶቹን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ አይቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ በቀይ እስክሪብቶ ሁለቱም ላይ ሙሉውን ቀን ጻፈበት። የዚያ ዕለት ደም ውጤት ነን ሪአክቲቭ ሆነ።

ይህንን ክትትል በዚያው ግቢ ኤችአይቪ ካለባቸው እናቶች ለተወለዱ ሕፃናት ከሚሰጠው ጋር ሳላነጻጽር ማለፍ አልችልም። እነዚያ ሕፃናት የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ በ6ኛ ሳምንት ደማቸው በወረቀት ላይ ጠብታ ሆኖ ይላካል፤ መከላከያ መድኃኒታቸው በቀጠሮ ይታደላል፤ በ18 ወር የማረጋገጫ ምርመራ ይደረግላቸዋል፤ ቀጠሮ ሲያልፉ የሚደውል ሰው አለ። ቂጥኝን፣ ኤችአይቪንና ሄፓታይተስ ቢን ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በአንድነት የማስወገድ ዓላማ በተያዘበት ዘመን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለአንዱ ዘርዘር ያለ መዝገብ፣ ለሌላው የክትባት ካርድ ጀርባ መሰጠቱ አይገባኝም። «ይሄ እኮ የድሮ በሽታ ነው፤ ስንት ሰው አለው?» ያለኝ ሠራተኛ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 661 ሺህ ገደማ እርግዝናዎችና ሕፃናት በዚህ በሽታ ተጠቅተዋል፤ ሞተው የተወለዱትና ከተወለዱ በኋላ የሞቱት ብዙ ናቸው። ሀብታሟ አሜሪካ እንኳ በ2023 እ.ኤ.አ. 3,882 ሕፃናትን መዝግባለች፤ በአንጻሩ ኩባ በ2015 እ.ኤ.አ. ኤችአይቪንና ቂጥኝን ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፉ በማድረግ በድርጅቱ የተመሰከረላት የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። ድሮ የቀረ በሽታ ቢሆን ኖሮ እኛም በዚያ ኮሪደር አንቀመጥም ነበር።

ማስተካከያው ውድ አይደለም። የሕፃናት ክትባት በ14ኛ ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር አለ፤ በ6 ወር ደግሞ ለቫይታሚን ኤ እና ለተጨማሪ ምግብ ምክር ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። የቲተር ምርመራው በእነዚሁ ቀናት ዙሪያ ቢውል፣ ደሙ በጤና ጣቢያው ተቀድቶ ወደ አንድ ላቦራቶሪ ቢላክ፣ በክትባት ካርዱም ላይ የምርመራው ዓይነት፣ ቁጥሩና ሙሉ ቀኑ የሚጻፉበት ሰንጠረዥ ቢታተም፣ የእኔ ቅሬታ ከግማሽ በላይ ይወገዳል። ካርድ ክፍሉም የእናቲቱን የካርድ ቁጥር በልጁ አዲስ ካርድ ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ለወላጆች የምመክረው ከዚህ አገልግሎት ለመሸሽ አይደለም፤ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉን ሳልጠራጠር አምስት ኮከብ እሰጠዋለሁ፤ ክሊኒኩን ለሐኪሞቹና ለሲስተር ሲባል አራት፣ ለኮሪደሩና ለካርድ ክፍሉ ሲባል ግን አንድ ቀንሼ ሦስት፤ የግል ላቦራቶሪውን ለንጽሕናው አንድ። ከሆስፒታል ሳትወጡ የእናትንም የልጅንም ቲተር በቁጥር አስጽፉ፤ ምርመራው አርፒአር ይሁን ቪዲአርኤል አብራችሁ አስጽፉ፤ የውጤት ወረቀቱን ዋናውን እናንተ ጋ አስቀሩ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት። ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ከተላካችሁ ደም ከመቀዳቱ በፊት «ቲተር ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ውጤቱ ነን ሪአክቲቭ ሆነ ብላችሁ ግን አትቅሩ፤ የእኛዋ በ18 ወሯ የእናቷ አንቲቦዲ ከደሟ ከጠፋ በኋላ ሌላኛውን፣ እንደ ፈጣኑ ምርመራ ለተህዋሲው የተሠራውን አንቲቦዲ የሚለየውን ምርመራ እንድትሠራ ቀጠሮ አላት፤ ያኔ ፖዘቲቭ ከሆነ በሽታው በእርግጥ ተላልፎባት እንደነበር ያሳያል፤ ነጌቲቭ ከሆነ ከእናቷ የመጣው አንቲቦዲ መጥፋቱን ያሳያል።

እስካሁን መልስ ያላገኘሁለት የዓይንና የጆሮ ጉዳይ ነው። ሳይታከም የቀረ ቂጥኝ ከዓመታት በኋላ የዓይን መስታወቱን ሊያቆስል፣ የመስማት ነርቭን ሊጎዳ፣ ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚበቅሉትን ቋሚ የፊት ጥርሶች ሊያጣምም ይችላል፤ በጊዜው የታከመ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ይድናል። ሐኪሟ ለማረጋገጥ ያህል የዓይንና የመስማት ምርመራ አዘውላታል፤ ሁለቱም በዚህ ሆስፒታል ስለማይሰጡ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎልን፣ የዓይኑ ተሠርቶ ደኅና ነው ተብለናል፤ የመስማቱ ቀጠሮ ለሁለተኛ ጊዜ ተራዝሟል፤ ምክንያቱም መሣሪያው ለጥገና ሄዷል የሚል ነው።